ንጎሮንጎሮ ስትሄዱ ወፍራም ጃኬት ያዙ

ታንዛንያ ለሳፋሪ የምትሄዱ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ነው ብላችሁ በቲሸርት ብቻ እንዳትነሱ! የንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይተናነስም። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠዋት ላይ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። 600 ሜትር ያህል ወርዳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ፣ እየሞቃችሁ ስትሄዱ ታወልቃላችሁ።

ባይኖኩላርም አይቅርባችሁ። መኪና ከመንገድ መውጣት ስለማይፈቀድ ጥቁሩ አውራሪስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሩቅ ነው፤ ያለ ባይኖኩላር ድንጋይ ይመስላችኋል። ቀጭኔ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አትፈልጉ። እሱን ወደ ሴሬንጌቲ ስትጓዙ ግራርና ቁጥቋጦ ባለበት ታገኙታላችሁ።