በባዶ ሽጉጥ ቃታ መሳብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፈቃድ ኖሯቸው ሽጉጥ የታጠቁ ጎረቤቶቼ የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለልምምድ ያለ ጥይት ቃታ ስስብ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ አይሰበርብኝም?» ስለ ሽጉጡ ይጨነቃሉ። ከግድግዳው ማዶ ስለሚተኛው ሰው የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

የመጀመሪያው ስህተት የጥይት መያዣውን ካዝና አውጥቶ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወጣት የማካሮቩን ካዝና መዝዞ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠና «ባዶ ነው» አለኝ። ተቀበልኩትና አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ የላይኛውን ተንሸራታች ስጎትተው አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ሲኒዎቹ መካከል ወደቀች። ካዝናው የሚይዛቸውን ስምንቱን ቆጥሮ ስላገኛቸው፣ አስቀድሞ በርሜሉ ውስጥ ያጎረሳት ዘጠነኛዋ ትዝም አላለችው። ልጁ ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

ቅደም ተከተሉም መገልበጥ የለበትም። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹን ስበው ቢለቁት አንዷ ወጥታ ሌላዋ ትጎርሳለች። መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፤ ከዚያ ተንሸራታቹ ይሳብ፤ በመጨረሻ በዓይንም በጣትም ይታይ። ጥይቶቹ ደግሞ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

ሁለተኛው ግድግዳን ማመን ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት እንኳ ጥይት ያቆማሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። በእኛ ሰፈር ደግሞ አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት ነው። አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎችን ደራርቦ ወደዚያ ማነጣጠር ይሻላል።

ሦስተኛው ሁሉንም ሽጉጥ አንድ አድርጎ ማየት ነው። መርፌው የጥይቱን ግርጌ መሃሉን በሚመታባቸው ዘመናዊ ሽጉጦች፣ ለምሳሌ በማካሮቭ ወይም በግሎክ፣ መጠነኛ ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የጥይቱን ጠርዝ በሚመቱት ባለ .22 ካሊበር (የጥይት ውፍረት) ሽጉጦች ግን ነገሩ ይለያል፤ ጥይት ከሌለ መርፌው ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜል ጠርዝ ሊመታ፣ ራሱም ሊደንዝ፣ ጠርዙንም ሊያጎደጉድ ይችላል። የቼኮስሎቫኪያው ሲ ዜድ 52 ሽጉጥ መርፌም በተሰባሪነቱ የታወቀ ነው። ለእነዚህ፣ መርፌው የሚያርፍበት ጎማ ወይም ስፕሪንግ ያለውን የልምምድ ጥይት መጠቀም ነው፤ ቀለሙ ከእውነተኛው በሩቅ የሚለይ ይሁን። የአምራቹ መመሪያ ካለ ደግሞ ከእኔም ከሰፈር አዋቂም ይበልጣል።

ተንሸራታቹን በባዶው ደጋግሞ እያላተሙ መልቀቅም ጥሩ አይደለም፤ በእጅ ይዞ መመለስ ነው።

የመጨረሻው በጣም ያስፈራኛል። ልምምዱ አልቋል፣ ሽጉጡ ለሌሊቱ ተረኛ ጥይት ጎርሷል፤ እጅ ግን ገና ከልምምዱ አልወጣም፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» ይላል። እኔ ስጨርስ ጮክ ብዬ «አበቃ» እላለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ «ሰማን» ትላለች።