በአንድ ትሪ እየበሉ ክብደትን በስልክ እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

ስልኬ ላይ የክብደት መቆጣጠሪያ መተግበሪያ የጫንኩት በ24 ዓመቴ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አጠፋሁት። ዛሬ ግን ተመልሼ እየተጠቀምኩበት ነው፤ አያያዙን ያወቅኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ተመዘኑ። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ይበቃሉ። ሁሌም አንዱ ጋ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ ይሁን። ውሃና ጨው ብቻ ክብደትን በአንድ ቀን 1 ኪሎ ከፍ ዝቅ ሊያደርጉት ስለሚችሉ በየቀኑ መመዘን ትርፉ ጭንቀት ነው።

ከዚያ መተግበሪያው በምን ፍጥነት መቀነስ እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። እኔ በጣም ፈጣኑን መረጥኩ። የፈቀደልኝ ምግብ እጅግ ትንሽ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ዓይኔ ጨለመና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እባካችሁ በሳምንት ግማሽ ኪሎውን ምረጡ። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ዋናው ጣጣ ምግብ መመዝገቡ ነው። መተግበሪያው ስንት ግራም እንደበላችሁ ይጠይቃል። እኛ ቤት አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ማን ስንት እንደጎረሰ በምን ይታወቃል? «እንጀራ» ብዬ ስፈልግም አንዱ የካሎሪ (ምግቡ የሚሰጠው ጉልበት) ቁጥር የሌላውን እጥፍ ነበር። ተስፋ የቆረጥኩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን የምበላውን እንጀራ ገና ሳልቀመጥ ለይቼ እጠቀልላለሁ። ወጡን በእሱ ብቻ እበላለሁ። ትሪውን ሳንጀምር ፎቶ አነሳለሁ፤ ማታ ፎቶውን እያየሁ በጥቅልና በጭልፋ እመዘግባለሁ። ለእንጀራ አንድ ቁጥር መርጬ ሁሌም እሱን እጠቀማለሁ። ልክ ባይሆን እንኳ ካለፈው ሳምንት ጋር ለማወዳደር ያገለግላል። እናቴ ያጎረሰችኝም ይመዘገባል።

ዘይቱን ግን ፎቶ አያሳይም። እናቴ ለአንድ ሳምንት ከጠርሙሱ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ እየለካች እንድትጨምር ለመንኳት። ለአንድ ድስት ሽሮ 10 ማንኪያ ሆነ። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ሁለት ማንኪያ ይደርሳል። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ እንግዲህ ከዘይቱ ብቻ 240 ማለት ነው። ጾም ሲገባ የምወፍረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቅቤና ሥጋ ሲቀሩ ዘይቱ፣ ሳምቡሳውና ፓስታው ይበረክታሉ። አሁን ድስቱ ላይ የሚገባው 6 ማንኪያ ነው፤ ከቤቱ ሰው ቅር ያለው የለም።

ሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳርም በማንኪያ ቁጠሩ።

እርምጃ ለመቁጠር ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ሳምሰንግ ላይ ሳምሰንግ ሄልዝ፣ አይፎን ላይ ሄልዝ የሚባለው አለ። እርምጃውን የሚቆጥረው ስልኩ ውስጥ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ዳታ ቢዘጋም ይሠራል። ብቻ ስልኩን ኪስ ውስጥ ያዙት። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ አትፍሩት። የራሳችሁን የአንድ ሳምንት አማካይ አይታችሁ 1,000 ጨምሩበት። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ብዙውን ይሸፍናል።

የሚከፈልበትን አባልነት አልመክርም፤ ነፃው ይበቃል። በምትኩ አንድ ሰው ፈልጉ። እኔ እሁድ ማታ የሳምንቱን ክብደቴን ለእህቴ በቴሌግራም እልካለሁ። ካልላክሁ ትደውላለች።