በእንፋሎት መለኪያዎች ካሊብሬሽን ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደር ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ውሃውም 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ይህን ለፈተና ያልሸመደደ ቴክኒሻን የለም፤ ቦይለር ክፍል ሲገባ ግን የሙቀት መለኪያውን በፈላ ውሃ ይነክርና 93 ሲያነብ «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ 7 ዲግሪ ይጨምርለታል። አንድም እንከን ያልነበረበት መለኪያ በዚህ መንገድ በባለሙያ እጅ ይበላሻል፤ የሚለጠፍበት የካሊብሬሽን (መለኪያን ከትክክለኛ ማመሳከሪያ ጋር አነጻጽሮ የማስተካከል) ወረቀት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠረው አይኖርምና። የሆስፒታል አውቶክሌቭ (ዕቃዎችን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) 121 ሲያሳይ ውስጡ 114 ነው፤ በሙቀት ኃይል ማመንጫም 540 ዲግሪ ደርሷል የተባለው እንፋሎት ወደ ተርባይኑ የሚገባው በ533 ነው። ማመሳከሪያ የሚፈልግ በረዶ ይጠቀም፦ ከንጹሕ ውሃ የተሠራና የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሲረጋ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ከፍታም እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣበትም። ፒቲ 100 ሴንሰር (ሙቀትን በፕላቲኒየም ሽቦ የኤሌክትሪክ መቋቋም የሚለካ) በዚያ 100 ኦም፣ በጎንደር የፈላ ውሃ ውስጥ ደግሞ 135.8 ኦም ገደማ ያሳያል፤ 138.5 የሚጠበቀው በትክክል 100 ዲግሪ ላይ ነው።

የዚህ ስህተት ወንድም የጌጅ ግፊትን (ጌጅ የተባለው የግፊት መለኪያ የሚያሳየውን፣ ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ብቻ) ከፍጹም ግፊት (የአየሩም ከተደመረበት ሙሉ ግፊት) ማምታታት ነው። አየር ያልተቀላቀለበት እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው በ205 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ሲሆን፣ ይህ በባሕር ወለል ላይ ባለ ጌጅ 1.04 ባር (1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው)፣ በጎንደር ግን 1.27 ባር ሆኖ ይነበባል። 1.04 ላይ ያቆመ ሰው 117 ዲግሪ ላይ ቀርቷል። የኮንደንሰር (ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ወደ ውሃ የሚመልሰው ዕቃ) ቫኪዩምም እንዲሁ ነው፤ 10 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት እዚህ ከአየሩ ግፊት በታች 68፣ በባሕር ወለል ደግሞ 91 ይሆናል።

ጌጁ ከቧንቧው መገናኛ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ በመስመሩ ውስጥ የቆመው ውሃ 1 ባር ገደማ ይጨምርበታል፤ ጠረጴዛ ላይ አስተካክሎ መልሶ መስቀል ይህን ስለማያስቀር ልዩነቱ ተሰልቶ መቀነስ አለበት።

ቴርሞካፕልን (በሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች ሙቀትን የሚለካ ሴንሰር) በተራ የመዳብ ሽቦ እስከ ፓነል መቀጠል ይቅር። የሽቦው መቀጠያ 60፣ ፓነሉ 25 ዲግሪ ቢሆን ንባቡ 35 ዲግሪ ያህል ያንሳል፤ ጀማሪው ግን ሽቦውን ትቶ ትራንስሚተሩን (የሴንሰሩን ምልክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ) መነካካት ይጀምራል።

ሌላው፣ በመጀመሪያ የተገኘውን ንባብ ሳይመዘግቡ ማስተካከል ነው። ያ ቁጥር ከጠፋ መለኪያው ካለፈው ካሊብሬሽን ወዲህ ምን ያህል እንደተዛባ፣ በመካከሉ የተመዘገበው መረጃም የሚታመን መሆን አለመሆኑን ማወቅ አይቻልም። በመለኪያው ክልል 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ ላይ፣ ሲወጣም ሲወርድም ይነበብ፤ የማስተካከያው ብሎን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።