የፍራኪንግ ዲዛይን እንዴት ይሻሻላል? ከቀዳዳዎቹ ጀምሩ

ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚጠብቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ነዳጁ ያለው ድንጋዩ ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ክፍተቶች ነው። ድንጋዩ ጥብቅ ከሆነ ጉድጓድ ስለተቆፈረ ብቻ አይወጣም። ስለዚህ ውሃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ይገባና ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ውሃው ሲመለስ አሸዋው እዚያው ቀርቶ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ይደግፈዋል። ፍራኪንግ ማለት ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ሲሞከር የተጠቀሙት በናፓልም የወፈረ ቤንዚን ነበር። ዛሬ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ኬሚካሉ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም።

ምርት ሲያንስ ብዙዎች ቶሎ የሚሉት “አሸዋ እንጨምር” ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የገባው አሸዋ የት እንደደረሰ ነው። ቴክሳስ፣ ፐርሚያን ቤዚን የተባለው የነዳጅ አካባቢ ላይ ተመራማሪዎች የተሰነጠቀውን ድንጋይ ራሱን ቆፍረው ናሙና አውጥተዋል። ስንጥቁ ከተጠበቀው በላይ ብዙ ነበር። አሸዋው ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም።

ደረጃ 1፦ ድንጋዩን ጠይቁት

ከዋናው ሥራ በፊት ጥቂት ውሃ ብቻ፣ ያለ አሸዋ፣ ድንጋዩ እስኪሰነጠቅ ይገፋል። ከዚያ ፓምፑ ይጠፋል፤ ግፊቱ ሲወርድም ይመዘገባል። ጥብቅ ድንጋይ ላይ ይህ ቀናት ይወስዳል፤ አትቸኩሉ። የግራፉ መስመር አካሄዱን የሚቀይርበት ቦታ ስንጥቁ የተዘጋበትን ግፊት ይነግራችኋል።

አሸዋውም የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ተራ አሸዋ የሚጫነው ግፊት ወደ 6,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲጠጋ መድቀቅ ይጀምራል። የደቀቀው ዱቄት ደግሞ መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ በፋብሪካ የሚሠራውን ጠንካራ የሴራሚክ ቅንጣት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ደረጃ 2፦ ቀዳዳዎቹን አስተካክሉ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አግድም የሚሄደው ጉድጓድ በየክፍሉ ይከፋፈላል። ውሃው ወደ ድንጋዩ እንዲወጣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጉድጓዱን የሚሸፍነው የብረት ቱቦ ብዙ ቦታ ላይ ይበሳል። ውሃ ደግሞ የቀለለውን መንገድ ነው የሚመርጠው። ለስላሳው ድንጋይ ጋ ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ይውጣል፤ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

መፍትሔው የቀዳዳዎቹን ቁጥር መቀነስና ስፋታቸውን ማጥበብ ነው። ውሃው ቀዳዳው ላይ በጣም ከታነቀ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። ሒሳቡን እንየው። 40 ቀዳዳ የነበረው ክፍል ወደ 20 ቢወርድ፣ ፓምፑ በዚያው ፍጥነት እየገፋ ቀዳዳው ላይ የሚጠፋው ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። በእርግጥ ፓምፑና ቱቦው ይህን መቻል አለባቸው፤ አስቀድማችሁ አስሉት።

የቀዳዳው ስፋት ደግሞ ከቁጥሩም በላይ ለውጥ ያመጣል። 10 ሚሊሜትር የነበረ ቀዳዳ አሸዋ በልቶት 12 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በዚያው ፍሰት የሚጠፋው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። 2 ሚሊሜትር ብቻ! ስለዚህ ሥራው ሲጀመር እኩል የነበረው ሲያልቅ እኩል ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦውን በፈንጂ የሚበሳው መሣሪያ አግድም ጉድጓድ ውስጥ ታች ይተኛል። ወደ ላይ የሚተኩሰው ፈንጂ ከቱቦው ግድግዳ ይርቃል፣ ወደ ታች የሚተኩሰው ይጠጋል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ገና ከመጀመሪያው ይለያያሉ። እኩል ቀዳዳ ለመብሳት ተብለው የተሠሩ ፈንጂዎች አሉ፤ እነሱን ጠይቁ። ካልተገኙ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ መተኮስም ይረዳል።

ደረጃ 3፦ ጎረቤቱን አትርሱ

አጠገቡ ለዓመታት ያመረተ ጉድጓድ ካለ በዙሪያው ያለው ግፊት ወርዷል። አዲሱ ስንጥቅም ወደዚያው ይሳባል። ውሃውና አሸዋው አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሁለቱንም ሊጎዱ ይችላሉ። በሥራው ወቅት የአሮጌውን ግፊት ተከታተሉ፤ ድንገት ከዘለለ ዲዛይኑን እዚያው አስተካክሉ።

ደረጃ 4፦ ገብታችሁ እዩ

ሥራው ሲያልቅ ካሜራ ወደ ታች ላኩና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ብዙ የተበላው ቀዳዳ ብዙ አሸዋ አሳልፏል። እንደነበረ ለቀረው የደረሰው አሸዋ ትንሽ ነው። አቅም ካለ ከቱቦው ጋር የሚታሰር ኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ፍሰቱን በሥራው መሐል ያሳያል።

ከዚያ ለሚቀጥለው ጉድጓድ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የቀዳዳውን ቁጥር፣ የአሸዋውን ዓይነትና የክፍሉን ርዝመት በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ፣ ምርቱ ቢጨምርም የቱ እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። ስታወዳድሩም ድንጋዩና ርዝመቱ የሚመሳሰል ጉድጓድ ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ

ጉድጓዱ ምርት ሲጀምር ቫልቩን በአንዴ አትልቀቁት። ግፊቱ በድንገት ከወረደ ያን ያህል ተደክሞበት የገባው አሸዋ ከነዳጁ ጋር ተጠርጎ ይወጣል፤ ስንጥቁም አፉ ላይ ይዘጋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ የሚወጣውን አሸዋ መዝግቡ። ከጨመረ ቫልቩን መልሳችሁ ጠበብ አድርጉትና እስኪረጋጋ ጠብቁ።