የሌላ አገር ጋዜጣ እንዴት ይነበባል?

ከመሀል ከተማ ርቀን በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች የውጭ አገር ጋዜጣን በወረቀት ማግኘት ዘበት ስለሆነ፣ መነሻችን የእጅ ስልክ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ገጹ እስኪከፈት መጠበቅ ትዕግሥት ይፈትናልና፣ ኔትወርኩ ሲፈጥን ማታ ከፍቶ ማቆየት ይበጃል።

በመጀመሪያ አንድ ጋዜጣ ብቻ ይምረጡና ቢያንስ ለአንድ ወር ይከታተሉ፤ በየቀኑ ከአገር አገር የሚዘል አንባቢ የማንንም ጠባይ አይለምድም። ለጀማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የናይሮቢውን ዴይሊ ኔሽን እመክራለሁ፤ ጉዳዩ የጎረቤት ነውና።

የፊት ገጹን ዜና ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እርሱን ሬዲዮውም ይነግርዎታል። የአገሩን ሰው የሚያገኙት በአንባብያን ደብዳቤ፣ በማስታወቂያ፣ በተለይም በሐዘን ገጽ ነው። በኬንያ ጋዜጦች ከሟቹ ፎቶግራፍ ሥር የወላጆች፣ የእህት ወንድሞችና የልጆች ስም ተዘርዝሮ፣ ወዳጅ ዘመድ ለቀብሩ ዝግጅት የት እንደሚሰበሰብ ይገለጻል፤ ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእድራችን ጥሩምባ በወረቀት ታትሞ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አንድን ጉዳይ፣ ለምሳሌ የሕዳሴውን ግድብ፣ በ1875 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ በተቋቋመው በአል አህራም የእንግሊዝኛ ገጽና በእኛው አዲስ ዘመን ጎን ለጎን ያንብቡ፤ ያው ውኃ በአንዱ ዘንድ የህልውና ሥጋት፣ በሌላው ዘንድ የመብራት ተስፋ ሆኖ ሲጻፍ ያያሉ። ቀኑንም ልብ ይበሉ፤ የፓሪሱ ለ ሞንድ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው የነገውን ቀን ይዞ ነው።