ጥላቻ ቅጣት ያክብድ? አንድን መዝገብ ከክስ እስከ ቅጣት ስሌት እንዴት እንመዝን

በሁለት ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት ቡጢ አረፈ እንበል። አንዱ የተመታው ብድር ሳይመልስ ስለቀረ ነው፤ ሌላው የእገሌ ሃይማኖት ተከታይ ስለሆነ ብቻ። የተሰበረው መንጋጋ አንድ ነው፣ የሐኪም ማስረጃውም ያው ነው። ቅጣቱስ? በደፈናው መመለስ ቀላል ነው፤ ነገሩ የሚከብደው መዝገብ ሲከፈት ነው። ይህ ጽሑፍ ለተማሪ ተከራካሪ፣ ለጀማሪ ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ፣ እንዲሁም ሕግ ለሚያረቅ ሰው የተዘጋጀ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ጥላቻ ቅጣት ሊያከብድ ይገባል፤ ግን በክሱ ተጽፎ፣ በማስረጃ ተረጋግጦ፣ ለብቻው ተሰልቶ ከሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባይጨመር ይሻላል። (የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ጥላቻውን ከመዝገቡ ያውጡት

ፋይሉን የጥላቻው ነገር ጭራሽ እንዳልተነሳ አድርገው ያንብቡ። የቀረው ድርጊት ብቻውን ወንጀል ነው? ድብደባ፣ ዛቻ፣ ንብረት ማውደም ወይም ቃጠሎ ከሆነ ይቀጥሉ። የቀረው ንግግር ብቻ ከሆነ ግን የያዙት ሌላ ጉዳይ ነው። የጥላቻ ንግግር ሕግ ባለበት አገር በዚያ ሕግ ይታያል፤ የቅጣት ማክበጃ ግን የሚከብድ ወንጀል ከሌለ የሚያርፍበት የለውም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ዓመት ልዩነት የሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች ድንበሩን ያሳያሉ። በ1992 ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ በአንድ ጥቁር ቤተሰብ ግቢ መስቀል በማቃጠል (ይህ በአሜሪካ ዘረኞች ጥቁሮችን የሚያስፈራሩበት ምልክት ነው) የተከሰሰ ወጣት የተያዘበትን የከተማ ደንብ ሻረው፤ ደንቡ የሚቀጣው የመልእክቱን ይዘት ነበርና። ያው ድርጊት በቃጠሎ ወይም በንብረት ማውደም ቢከሰስ ይህ ችግር አይነሳም ነበር። በ1993 ደግሞ የዊስኮንሲን ግዛትን የቅጣት ማክበጃ ሕግ በሙሉ ድምፅ አጸና፤ እዚያ የሚቀጣው ድብደባው ነው። ጣሪያው 2 ዓመት የነበረው ቅጣት ወደ 7 ዓመት ከፍ ብሎ ተከሳሹ 4 ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያ መዝገብ ተከሳሹ ጥቁር፣ ተደብዳቢው ነጭ ልጅ ነበር። ሕጉ አንድ ወገን ብቻ ይጠብቃል ለሚል ሰው ይህ መልስ ነው፤ ሕጉ ዞሮ አናሳዎቹን ይመታል ብሎ ለሚሰጋም ማስረጃ ነው።

«ሐሳብ ይቀጣል እንዴ?»

ይህ መቃወሚያ ሳይነሳ አይቀርም፤ ጠንካራም ነው። መልሱ የሚጀምረው የወንጀል ሐሳብንና አነሳሽ ምክንያትን በመለየት ነው። የመጀመሪያው «አውቆና ፈልጎ አደረገው ወይ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ቅጣት ሲወሰን «ለምን?» ተብሎ የማይጠየቅበት ዘመን አልነበረም። ለገንዘብ ብሎ የገደለ ይከብድበታል፣ በርኅራኄ ተነሳስቶ ያጠፋ ይቀልለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 84 እንደ ምቀኝነት፣ ጥላቻና ስስት ያሉ ወራዳ ምክንያቶችን ከቅጣት ማክበጃዎች ይቆጥራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንዲህ ዓይነት አንቀጽ ውስጥ ያለው «ጥላቻ» ሰፊ ነው፣ የጎረቤት ቂምንም ያቅፋል። የምንነጋገርበት ጥላቻ ተጎጂውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ወገኑ ተወካይ የሚያይ ነው። በማመልከቻዎ ውስጥ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ።

ለማክበድ የሚከራከሩ ከሆነ «ሌላው እንዲማርበት» የሚለውን ይተዉት። ወንጀለኛን ይበልጥ የሚያስፈራው መያዙ መሆኑን፣ የእስሩ ርዝመት ግን ያን ያህል እንዳልሆነ የወንጀል ጥናት ደጋግሞ ያሳየው ነገር ነው፤ ተቃራኒ ወገን ይህን ካነሳ መውጫ የለዎትም። የሚያዋጣው ክርክር ጉዳቱ ላይ ያለው ነው። ብድር ሳይመልስ የተደበደበውን ሰው ሲያይ ሌላው ጎረቤት ተረጋግቶ ያድራል፤ በሃይማኖቱ የተደበደበውን ሲያይ ግን ያንኑ ሃይማኖት የሚከተል ሁሉ በሩን ቀርቅሮ ይተኛል። የበቀል ሰንሰለትም ከዚያ ይጀምራል። የዊስኮንሲኑ ውሳኔም በዋናነት የተደገፈው በዚህ ነው።

ጠላው ወይስ መረጠው?

ሕጎች በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። አንዱ ጥላቻ ወይም ጠላትነት እንዲታይ ይጠይቃል። ሌላው ተጎጂው በማንነቱ ምክንያት መመረጡን ብቻ ይጠይቃል። ልዩነቱ የሚጎላው ስደተኞችን ብቻ እየመረጠ የሚዘርፍ ሌባ ሲቀርብ ነው፤ የሚዘርፋቸው ጥሬ ገንዘብ ስለሚይዙና ፖሊስ ጋ ስለማይሄዱ ነው እንጂ ጠልቷቸው ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው አጻጻፍ ከማክበጃው ነፃ ይወጣል፣ በሁለተኛው ይያዛል። እኛ ለቅጣት ማክበጃ የመጀመሪያው ይሻላል እንላለን፤ አለዚያ ስሌተኛው ሌባና ቂመኛው አሳዳጅ አንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

የእንግሊዝና ዌልስ የ1998 ሕግ ሦስተኛ መንገድ አለው። በድርጊቱ ጊዜ፣ ወዲያው በፊት ወይም ወዲያው በኋላ ጠላትነት ከታየ፣ አነሳሹ ምክንያት ሌላ ቢሆንም ይበቃል። ለዐቃቤ ሕግ ይመቻል። አደጋው በመኪና ማቆሚያ ጸብ መሀል ያመለጠች አንዲት ስድብ ቀላል ድብደባን ከ6 ወር ጣሪያ ወደ 2 ዓመት ማውጣቷ ነው። በዚሁ ሕግ የአካል ጉዳት ያደረሰ ድብደባ ጣሪያ ከ5 ዓመት ወደ 7 ዓመት ነው የሚያድገው። ቀላሉ ወንጀል አራት እጥፍ ሲያድግ ከባዱ ግማሽ እንኳ አልጨመረም። ሕግ የሚያረቅ ሰው ይህን ምጣኔ በየአንቀጹ ማስላት አለበት።

ማስረጃው

አብዛኛው መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን የምስክር ቃል ሲቀበሉ። እነዚህን ሁለት አጻጻፎች ያነጻጽሩ።

«ተከሳሹ በጥላቻ ተነሳስቶ የግል ተበዳይን በዘሩ ሰድቦ ደበደበው።»

«ተከሳሹ ከግል ተበዳይ ጋር የሚሄደውን ጓደኛውን ‹አንተ ሂድ፣ ካንተ ጋር ጸብ የለኝም› አለው። ጓደኛው ከሄደ በኋላ ብቻውን የቀረውን የግል ተበዳይ ከአምስት ሜትር ያህል ርቀት ‹እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?› አለው። ከዚያ የግል ተበዳይን በዱላ ጭንቅላቱን መታው። ስልኩና ቦርሳው መሬት ላይ ወድቀው ነበር፣ አልነካቸውም።»

የመጀመሪያው ድምዳሜ እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ «ምን ብሎ ሰደበው?» ሲባል ይፈርሳል። በሁለተኛው ውስጥ «ጥላቻ» የሚል ቃል የለም፣ ግን ሁሉም ነገር አለ። ብቻውን የቆመ ሰው «እናንተ» ተብሏል፤ በአማርኛ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር ሲጠሩት፣ አክብሮት ካልሆነ፣ ከኋላው ያለው ወገን ነው የሚጠራው። ጓደኛው ተለይቶ ተለቋል፤ ይህ መምረጥ ነው። ንብረት አልተወሰደም፤ የዝርፊያ መላምት ወደቀ።

ስለዚህ ቃሉን እንደተባለ፣ በተባለበት ቋንቋ ይመዝግቡ፤ ትርጉሙ ከሥር ይምጣ። ከመጀመሪያው ምት በፊት ተባለ ወይስ በኋላ? ማን ሰማ፣ የት ቆሞ? ቦታውና ቀኑ ለዚያ ወገን ትርጉም አለው ወይ? በፊት ይተዋወቁ ነበር? ከስልክ ላይ የተነሳ የስክሪን ምስል ከሆነ የአካውንቱ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት አብረው ይታዩ፤ ተቆርጦ የቀረበ ምስል ዋጋው ግማሽ ነው።

ተጎጂው በስህተት የዚያ ወገን አባል መስሎ ቢመታም ጉዳዩ አይለወጥም። የአሜሪካ የ2009 የፌዴራል ሕግ እውነተኛ ወይም የተገመተ ማንነትን እኩል ያያል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2017 ክሮኤሺያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከሮማ (በአውሮፓ የሚኖር አናሳ ሕዝብ) ተወላጅ ጋር በመኖሯ የተደበደበችን ሴት በዚሁ ጥበቃ ውስጥ አስገብቷል።

የተከሳሹ አቋም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በአንድ የዴላዌር መዝገብ፣ ከወንጀሉ ጋር ምንም ያልተያያዘ የዘረኛ ቡድን አባልነት ለቅጣት መቅረቡን ውድቅ አድርጓል። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ አስቀያሚ ጽሑፍ ከዚህ ድብደባ ጋር የሚያገናኘው ክር ከሌለው ይተዉት። ያንን ክር መፈለግ ግን የመርማሪ ግዴታ ነው። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2005 በቡልጋሪያ ላይ በወሰነው ጉዳይ ወታደራዊ ፖሊሶች ሁለት የሮማ ተወላጆችን ተኩሰው ገድለዋል፤ አንድ የዓይን ምስክር ተሳዳቢ ቃል ሰምቻለሁ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግድያው በዘረኝነት መፈጸሙ አልተረጋገጠም አለ፤ ያንን ቃል ተከታትሎ ያልመረመረውን መንግሥት ግን ጥፋተኛ አደረገ።

ምክንያቱ ድርብ ሲሆን

ንጹሕ ጥላቻ ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የቆየ ጸብ፣ መጠጥና የወገን ጥላቻ ተቀላቅለው ይመጣሉ። መመዘኛው፦ የተጎጂውን ማንነት በሐሳብዎ ይለውጡት፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት። ድርጊቱ ያኔም ይፈጸም ነበር? በዚያው ሰው ላይ፣ በዚያው ጭካኔ?

በ2011 ኦሃዮ ውስጥ የአሚሽ (አጥባቂ ክርስቲያን) ማኅበረሰብ አባላት የሌሎች አሚሾችን ጢምና ጸጉር በግድ ቆረጡ። በእነርሱ ዘንድ ጢም የእምነት ምልክት ነው፤ ጉዳዩ ግልጽ ይመስላል። ተከሳሾቹ ግን የቤተሰብና የሥልጣን ጸብም ነበረን ብለው ተከራከሩ። ለዳኞች ቡድኑ (ከተራ ዜጎች ተውጣጥቶ ፍሬ ነገሩን ለሚወስነው) የተሰጠው መመሪያ ሃይማኖት «ጉልህ ምክንያት» ከሆነ ይበቃል የሚል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2014 መመሪያው «ሃይማኖቱ ባይኖር ኖሮ ድርጊቱ አይፈጸምም ነበር» ማለት ነበረበት ብሎ የጥላቻ ወንጀል ጥፋተኝነቱን ሻረ። አንዲት ሐረግ ሙሉ መዝገብ ጣለች። ሕግ ሲያረቁ «በሙሉ ወይም በከፊል» ወይም «ባይኖር ኖሮ» ብለው ለይተው ይጻፉት፤ ዝም ማለት ግን አይበጅም።

ማን ያረጋግጥ?

በ1994 በኒው ጀርሲ አንድ ሰው በጥቁር ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ላይ ተኮሰ። ያመነበት ወንጀል ጣሪያ 10 ዓመት ነበር። ዳኛው ቅጣት ሲወስኑ «ከማይሆን ይልቅ ይሆናል» በሚል ዝቅተኛ መመዘኛ ጥላቻ ነበረ ብለው 12 ዓመት ፈረዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000፣ በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው፤ የቅጣት ጣሪያን ከፍ የሚያደርግ ፍሬ ነገር ለዳኞች ቡድን ቀርቦ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። የዳኞች ቡድን በሌለበት ሥርዓትም ቁም ነገሩ ያው ነው። ጥላቻው በክሱ ላይ ይጻፍ፣ ጭብጥ ይያዝበት፣ ተከሳሹ ይከላከልበት። በቅጣት አስተያየት ላይ ድንገት ብቅ ካለ ይቃወሙ።

ስሌቱ

መነሻ ቅጣቱን ጥላቻውን ሳይቆጥሩ ያውጡ። ከዚያ ማክበጃውን ይደምሩ፣ ማቅለያውን በመጨረሻ ይቀንሱ። ቅደም ተከተሉ ቁጥር ይለውጣል። ለምሳሌ መነሻው 30 ወር፣ የጥላቻው ጭማሪ 9 ወር፣ ጥፋቱን በማመኑ የሚቀነሰው አንድ ሦስተኛ ይሁን። ደምሮ መቀነስ 26 ወር ይሰጣል። ቀንሶ መደመር 29 ወር ይሆናል። ሕጉ ዝም ካለ፣ የጠበቃ ሥራ ሦስቱን ወር ማየት ነው።

ሁለት ጊዜ መቁጠር ሌላው ወጥመድ ነው። ወንጀሉ ራሱ ማንነትን በውስጡ ካካተተ፣ ለምሳሌ አምልኮን ለማወክ ታስቦ በቤተ እምነት ላይ የተፈጸመ ጥፋት ከሆነ፣ ያንኑ ምክንያት እንደገና ማክበጃ ማድረግ አይቻልም።

በመጨረሻም ሁለቱ ቁጥሮች በውሳኔው ላይ ይጻፉ። የስኮትላንድ ሕግ ዳኛው ጥላቻው ባይኖር ኖሮ ከሚሰጠው ቅጣት የተለየ ከፈረደ፣ የልዩነቱን መጠንና ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። «ጥላቻው ባይኖር 30 ወር፤ በጥላቻው ምክንያት 9 ወር» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ይግባኝ የሚለው ወገን የሚከራከርበት ያንኑ 9 ወር ነው።