በቤት ጉዳይ ስትጣሉ መጀመሪያ የት ትሄዳላችሁ?

የቤት ክርክር ሲነሳ ብዙዎቻችን በቀጥታ ጠበቃ ፍለጋ እንወጣለን። ቆይ! መጀመሪያ የተጣላችሁት ከማን ጋር እንደሆነ ለዩ፣ ግማሹ ምልልስ እዚያው ይቀራል።

አዲስ አበባ ተከራይታችሁ አከራዩ በአንዴ ኪራይ ቆልሎ "ካልሆነ ውጡ" ካለ፣ ወረዳችሁ ያለው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም፣ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም ክልክል ነው። ውላችሁ ካልተመዘገበ ዛሬውኑ አስመዝግቡ፤ በቃል ብቻ የተስማማ ሰው ሲካካድ ምን ይዞ ይከራከራል?

ያጉላላችሁ የመንግሥት ቢሮ ከሆነ (ካርታ፣ ካሳ ምናምን) እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በነፃ። ግን ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አያይም፣ ስለዚህ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት ሂዱ።

ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለላችሁ።

ቤቱ ሊሸጥ ወይም ሊፈርስ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ተዉትና ፍርድ ቤት ሮጣችሁ እግድ (ለጊዜው የሚያስቆም ትእዛዝ) ጠይቁ።